ሦስተኛው ጠመንጃ የቱ ይሁን?

(አዳማ ውስጥ፣ ልጆቻቸው ውጭ አገር ያሉ ወላጆች ቅዳሜ ከሰዓት ቡና እየጠጡ በሚገናኙበት ቦታ ያደረግኩት ንግግር ነው። በቃል ያልኩትን ነው የጻፍኩት። መሃል ላይ የገባውን ጥያቄና ሳቅ አላወጣሁትም።)

እንደምን ዋላችሁ። ማራገቢያው እንደምታዩት ይጮኻል እንጂ አያቀዘቅዝም። ሳላንዛዛ ልግባ።

ነገሩ የመጣው በስልክ ነው። እዚህ መሃላችን የተቀመጡ አንድ እናት ከሦስት ሳምንት በፊት ደወሉልኝ። ልጃቸው ዳላስ አጠገብ አክስቱ ቤት ይኖራል። 19 ዓመቱ ነው። "ወንድሜ፣ ልጄ ሁለት ጠመንጃ አለው። አሁን ሦስተኛ ሊገዛ ነው" አሉኝ። እኔ "እንዳይገዛ ምከርልኝ" ሊሉኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን "መግዛቱ አይቀርም። ቢያንስ የሚረባውን ይግዛ። አንተ እዚያ ኖረሃል፣ የቱ ነው የሚሻለው?" አሉ። እውነት ለመናገር እንደዚህ ያለ ጥያቄ ከአባትም ሰምቼ አላውቅም።

ለማታውቁኝ፦ እዚሁ ናዝሬት ነው የተወለድኩት። አዳማ ማለት አሁንም አልፎ አልፎ ያመልጠኛል። በ2004 ወጣሁ፣ ቴክሳስ 12 ዓመት ኖርኩ። ሳምንቱን መኪና እነዳለሁ። ቅዳሜና እሁድ አንድ የዒላማ ተኩስ መለማመጃ ቦታ እሠራ ነበር። ሥራዬ መጀመሪያ ቀለህ መጥረግ ነበር። ማታ ማታ በባልዲ ነበር የምንሰበስበው። ኋላ ጀማሪዎች አጠገብ ቆሜ እንዳይ ተፈቀደልኝ። የማውቀው ከዚያ ነው፤ ወታደር ሆኜ አላውቅም።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል። የምናገረው ሁሉ ቴክሳስ ላለው ልጅ ነው። እዚህ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፤ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ወንጀል ነው። እኔን ሰምቶ ነገ ጠመንጃ ፍለጋ የሚወጣ ሰው እንዳይኖር።

አሁን ልጁ ምን እንዳለው እንይ።

አንደኛው ሩገር 10/22 የሚባል ነው። 18 ሲሞላ የአክስቱ ባል ሰጠው። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1964 ጀምሮ የሚሠራ፣ አሜሪካ ውስጥ ግማሹ ወጣት የጀመረበት የሚመስል ጠመንጃ ነው። 10 ጥይት ይይዛል። ምላጩን በሳብክ ቁጥር ራሱ ያቀባብላል። ጥይቷ ሃያ ሁለት የምትባለዋ ናት። ስፋቷ 5.6 ሚሊ ሜትር፣ እርሳሷ 2.6 ግራም ያህል ብትመዝን ነው። በፈረንጆቹ ከ1887 ጀምሮ አለች። ርካሽ ናት፣ አትራገጥም። ሰዎች መጫወቻ ትመስላቸዋለች። ወደ ላይ ከተተኮሰች ግን ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ትሄዳለች። እኛ ባጃጅ የምንይዝበት መንገድ ማለት ነው።

ሁለተኛውን ራሱ ነው የገዛው። ሞስበርግ 500 ሾትጋን፣ በአንድ ተኩስ ብዙ ትናንሽ እርሳስ የሚረጨው ዓይነት፣ ቁጥር 12። በየገበያው ያለ ደህና ዕቃ ነው። ግን ልጁን አያችሁት? ፎቶው እናቱ ስልክ ላይ አለ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ትከሻው ገና ያልሞላ ልጅ ነው። ለዚህ ትከሻ ቁጥር 12 ምን ማለት እንደሆነ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ቁጥሩ ሰው ያምታታል፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሾትጋን ላይ ቁጥሩ ሲጨምር ጠመንጃው ያንሳል። ለምን? አንድ ፓውንድ እርሳስ፣ 454 ግራም መሆኑ ነው፣ ውሰዱ። 12 እኩል ድብልብል አድርጉት። የአንዷ ድብልብል ስፋት የቁጥር 12 አፈሙዝ ስፋት ነው፤ 18.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ያንኑ እርሳስ 20 ቦታ ብትከፍሉት ድብልብሏ ታንሳለች፤ 15.6። ቁጥር 20 እሷ ናት። ያው አንድ ሊጥ ነው፤ ብዙ ዳቦ ካወጣህበት ዳቦው ያንሳል። ስለዚህ "20 ከ12 ይበልጣል" ብሎ ለጀማሪ 12 የሚሰጥ ሰው አይጠፋም። አይቻለሁ፤ አንድ አባት ለ13 ዓመት ልጁ "ትንሹን" ብሎ 12 ይዞ መጣ። ልጁ አንድ ተኩሶ ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና መኪና ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። አልተመለሰም።

ይህን የእትዬን ልጅ ከመምጣቴ በፊት ሁለት ቀን አብሬው ተኩሻለሁ። በሃያ ሁለቷ በ25 ሜትር ወረቀት ላይ ሲተኩስ ቀዳዳዎቹ ወረቀቱን እንደ ፈሰሰ ሽምብራ ሞልተውታል። አብዛኛው ዝቅ ብሎ ነው የሚመታው። "ጠመንጃው ተበላሽቷል" አለኝ። እኔ ተኮስኩበት፣ ምንም አልሆነም።

ስለዚህ ተንኮል ሠራሁ። ካዝናውን ራሴ ሞላሁለት። እውነተኛው ጥይት መሃል የማይተኮስ የፕላስቲክ ጥይት ሁለት ሦስት ቦታ ደባለቅኩ። የት የት እንዳሉ አላወቀም። አንድ ተኮሰ፣ ሁለት ተኮሰ። ሦስተኛው ላይ "ጠቅ" ብቻ አለ። እዚያች ሰከንድ ላይ ነው ማየት ያለባችሁ። ጠመንጃው አልተኮሰም። አልተራገጠም። ግን አፈሙዙ ሦስት ጣት ያህል ወደ መሬት ደፋ አለ፣ ዓይኑም ተጨፈነ። ልጁ ርግጫው ሳይመጣ ቀድሞ እየተከላከለ ነው። ሳቀ። ከዚያ ጆሮው ቀላ።

ሃያ ሁለቷ አትራገጥም ብያለሁ። ታዲያ ምኑን ፈራ? ሾትጋኑን ነው። ቁጥር 12 ያስተማረው ፍርሃት ወደ ሃያ ሁለቷ ተዛምቶ ነው። ሰውነት የቱ ጠመንጃ እንደያዘ አይለይም። አንዴ ከተመታ ምላጭ ሲነካ ይጨማደዳል።

ያን ቀን ኪሴ ውስጥ የአንድ ብር ሳንቲም ነበረች። ከዚህ ይዤያት የሄድኩ ናት። የፕላስቲክ ጥይት አጎረስንና ሳንቲሟን አፈሙዙ ጫፍ አጠገብ አስቀመጥኩለት። "ሳትወድቅ ምላጩን ሳብ" አልኩት። አንድ ሰዓት ሙሉ ወደቀች። እኔ ከሲሚንቶው ላይ ሳነሳ ወገቤ ሄደ። በመጨረሻ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ አልወደቀችም። የዚያን ቀን ከዚያ በላይ አልተኮስንም። (ለባለሙያ ብቻ፦ ፕላስቲኳ የገባችው በምክንያት ነው። ብዙ የሃያ ሁለት ጠመንጃዎች ባዶአቸውን ምላጭ ሲሳብ መርፌያቸው የጉሮሮውን፣ ጥይቱ የሚያርፍበትን ቦታ፣ ጠርዝ እየመታ ይጎዳዋል።)

እንግዲህ ይህ ልጅ ነው ሦስት ፎቶ የላከልኝ። "ጋሼ፣ ከነዚህ የቱ?" ይላል።

የመጀመሪያው ፎቶ ሽጉጥ ነው። ይህ ቶሎ ያልቃል። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ፈቃድ ያለው ነጋዴ ጠመንጃ ለ18 ዓመት ሰው መሸጥ ይችላል፤ ሽጉጥ ግን 21 ሳይሞላ አይሸጥም። ልጁ ያውቃል። ስለዚህ ከፎቶው ሥር "የአክስቴ ባል በስሙ ይግዛልኝ፣ ገንዘቡን እኔ እሰጠዋለሁ" ብሎ ጽፏል። እትዬ፣ ይህችን በደንብ ያዙልኝ። ገዢው ቅጽ ላይ "የምገዛው ለራሴ ነው" ብሎ ይፈርማል። በሌላ ሰው ገንዘብ ለሌላ ሰው ገዝቶ እንደዚያ መፈረም የፌዴራል ወንጀል ነው። በ2014 በነሱ አቆጣጠር ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው የወሰነበት ጉዳይ አለ። አንድ የቀድሞ ፖሊስ ቅናሽ ስለሚያገኝ ለአጎቱ ሽጉጥ ገዛ። አጎትየው 400 ዶላር በቼክ ልኮለት ነበር። አጎትየው ራሱ ሄዶ መግዛት የማይከለከል ሰው ነው! እንደዚያም ሆኖ ተፈረደበት። እኛ ለዘመድ በስማችን መኪና መግዛት፣ በስማችን ስልክ ማውጣት ለምደናል። ይህ እንደዚያ አይደለም። ከልብ የሆነ ስጦታ ይቻላል፤ አክስቱ ቤት ያለው ሃያ ሁለት እንደዚያ ነው የመጣው። ለሰው መግዛት ግን አይቻልም።

ሁለተኛው ፎቶ ኤአር 15 ነው። ጥቁሩ፣ ዜና ላይ የምታዩት። እዚህ ላይ ከብዙ ሰው ጋር አልስማማም። ወዳጆቹ እንደሚሉት ሁሉን ቻይ አይደለም። የሚፈሩት እንደሚሉትም በኃይል አንደኛ አይደለም፤ አጋዘን የሚታደንበት ብዙ ጠመንጃ ይበልጠዋል። ርግጫው ቀላል ነው፣ ለቀጭን ልጅ ይመቻል። እኔ የምጠላው ለዚህ ልጅ፣ አሁን፣ የሚያስተምረውን ነው። ካዝናው ብዙ ጊዜ 30 ይይዛል። የሳተ ሰው ቀጣዩ ላይ አስተካክላለሁ ብሎ ይደግማል። ከዚያም ይደግማል። ቅዳሜ ቅዳሜ የማየው ይህንኑ ነበር፦ በአሥር ደቂቃ የሳምንት ደመወዙን ግማሽ ባሩድ አድርጎ፣ ወረቀቱን ሳያይ የሚሄድ ወጣት። የአንዷ ጥይት ዋጋ ብዙ ሃያ ሁለት ይገዛል። ልጁ ደግሞ ማታ ማታ መጋዘን ዕቃ ይጭናል። ጠመንጃውን ገዝቶ ጥይት ያጣ ሰው ስንት አለ መሰላችሁ!

ሦስተኛው ፎቶ… ይህ ልቤን ነካኝ።

አሮጌ ማውዘር ነው። ብረቱ ላይ አንበሳ ተቀርጾበታል። የእኛው አንበሳ! በጃንሆይ ጊዜ ከቤልጅግ የተገዛ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከኢትዮጵያ የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች በብዛት አሜሪካ ገበያ ላይ ቀርበዋል። የጣሊያኑ ካርካኖ አለ፤ በእኛ 1928 ይዘውብን የመጡት። የፈረንሳዩም አለ። አያቶቻችን የውጭ ስም አይገዛቸውም፤ ፉዚ ግራ የሚለውን ውጅግራ አሉት፣ ስናይደርን ሰናድር አሉት። ፈረንጆቹ አሁን ሰደፉ ላይ ያለውን ጭረት፣ በጠፍር የታሰረውን ስንጥቅ እያዩ በዶላር ይገዛሉ። ልጁ "ጋሼ፣ የአያቴ ሊሆን ይችላል እኮ" ብሎ ጻፈልኝ። ሊሆን ይችላል ወይ? እንጃ። ግን ምን ብዬ ልመልስለት?

(እዚህ ላይ ኋላ የተቀመጡ አንድ አባት "ይግዛዋ! ሌላው ምን ያደርግለታል!" አሉ። ተጨበጨበላቸው።)

አባባ፣ እኔም ልቤ እንደርሶ ነው። ይግዛው። ግን ሦስተኛ አያድርገው። አንደኛ ነገር፣ ስንት ዝናብ የመታው፣ ስንት ጎጆ ጭስ ያጠነው ብረት ነው። ባለሙያ ጉሮሮውን በመለኪያ ሳያየው አይተኮስም። ሁለተኛ፣ የድሮ ወታደራዊ ጥይት አብዛኛው ከተተኮሰ በኋላ ጨው መሰል ነገር ይተዋል፤ ያኑ ቀን በውሃ ካልታጠበ ቱቦው ይዝጋል። ሦስተኛ፣ ይራገጣል፤ ሰደፉ ላይ ጎማ የለ፣ ብረት ነው። ከሾትጋኑ ፍርሃት ገና ላልወጣ ልጅ ይህን መስጠት ቁስል ላይ በርበሬ ነው። ግድግዳ ላይ ይሰቀል፣ ይወልወል፣ ታሪኩ ይጠየቅ። መተኮሱ ይቆይ።

ታዲያ ሦስተኛው የቱ ነው?

ሌላ ሃያ ሁለት ነው። አዎ፣ ያቺኑ ጥይት የሚተኩስ። ግን በእጅ የሚያቀባብል፣ ቦልት የሚሉት። ቢቻል ማጉያ መነጽር ያልተገጠመበት፣ በዓይንና በብረት ማነጣጠሪያ ብቻ የሚተኮስ። ሳቬጅ ማርክ 2 አለ፣ የቼኮቹ ሲዜድ አለ፤ ሲዜድ ወደድ ይላል ግን ዕድሜ ልክ ነው። ልጁ ስነግረው ቅር አለው። "ጋሼ፣ ሃያ ሁለት እኮ አለኝ" አለኝ። አለህ፤ ግን ያለህ የሚያጣድፍህ ነው።

ልዩነቱን ላሳያችሁ። የሚያቀባብለውን ተኩሰህ ስትስት ጣትህ ምላጩ ላይ ነው ያለው፣ ሁለተኛው ይከተላል። ቦልቱን ተኩሰህ ስትስት ግን እጅህን ማንሳት አለብህ። ወደ ላይ ታነሳለህ፣ ወደ ኋላ ትስባለህ፣ ቀለሁ ኩልል ብሎ ይወጣል፣ ወደ ፊት ትገፋለህ፣ ወደ ታች ትዘጋለህ። አራት እንቅስቃሴ ነው። በዚያ መሃል ትተነፍሳለህ፤ ሳትወድ "ምን አጠፋሁ?" ትላለህ። አያቶቻችን በውጅግራ አንድ አንድ ሲያጎርሱ ዝናራቸው ላይ ያለችውን ቆጥረው ነው። ያ ጠመንጃ በፈረንጆቹ 1874 የወጣ፣ አንዴ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ነበር። አንዷን የሚያባክን ሰው ሌላ አልነበረውም።

ሃያ ሁለት የልጅ ነው የሚል ካለ፣ ኦሎምፒክ ላይ የ50 ሜትር ጠመንጃ ውድድር በዚህችው ጥይት ነው። አሥር ነጥብ የምታሰጠው ክብ 10.4 ሚሊ ሜትር ናት፤ በ50 ሜትር ላይ ያለች ሽምብራ በሏት። የአየር ጠመንጃውማ ይብሳል። በ10 ሜትር፣ አሥሯ ግማሽ ሚሊ ሜትር ናት። ከጤፍ ፍሬ ታንሳለች! ፓሪስ ላይ በ2024 በሴቶች ያንን ያሸነፈችው የደቡብ ኮሪያዋ ባን ህዮ ጂን 16 ዓመቷ ነበር። የጡንቻ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ 16 ዓመት ልጅ አታሸንፍም።

ስለ ልክ ደግሞ። ጠመንጃ እንደ ጫማ ልክ አለው። ቀላሉ መለኪያ ይህ ነው፦ ሰደፉን የክርንህ እጥፋት ላይ አስደግፍ፣ ጣትህን ወደ ምላጩ ዘርጋ። ያለ ችግር ከደረሰ ደህና ነው። ጫፉ ብቻ ከነካ ረዝሞብሃል። ለልጁ ሾትጋን ያደረግነው ይህንኑ ነው። አጠር ያለ ሰደፍ ገዛ፣ ቀለል ያለ ጥይት ለመደ። ሌላ ሾትጋን አላስፈለገውም። ብዙ ሰው በ"አዲስ ልግዛ" የሚፈታው ነገር በመፍቻ ይፈታል።

ከልክ የሚቀጥለው ዓይን ነው። ይህን አሁኑኑ እንሞክረው። እጃችሁን ወደ ፊት ዘርጉ። ሁለቱን መዳፍ አነባብሩና መሃል ላይ ትንሽ ቀዳዳ ተዉ። ሁለት ዓይናችሁን ገልጣችሁ፣ በዚያ ቀዳዳ በመስኮቱ ባሻገር ኮረብታው ላይ ካሉት የነፋስ ተርባይኖች አንዷን እዩ። አያችኋት? አሁን ግራ ዓይናችሁን ብቻ ጨፍኑ። ተርባይኗ ካለች አለቃው ቀኝ ዓይናችሁ ነው። ከጠፋች ግራው ነው። በቀኝ እጁ የሚጽፍ ሁሉ በቀኝ ዓይኑ አያነጣጥርም።

(ሁሉም እጁን ዘርግቶ ሳለ ቡና ይዛ የገባችው ልጅ ደንግጣ ቆመች። የልጁ እናት "እኔ ጠፋችብኝ" አሉ።)

እሺ። አሁን የምለው ቅር ሊላችሁ ይችላል።

ከሦስተኛው ጠመንጃ በፊት የብረት ሳጥን ይግዛ። ካዝና ልል ነበር፤ ግን እኛ ካዝና የምንለው ሁለት ነገር ነው፣ ጥይት የሚገባበትም ገንዘብ የሚገባበትም። የምለው ሁለተኛውን ነው፦ የሚቆለፍ፣ ግድግዳ ላይ የሚታሰር። ጥይቱ በሌላ ቁልፍ ይሁን። አክስቱ ቤት የ6 እና የ9 ዓመት ልጆች አሉ። ቴክሳስ ውስጥ ልጅ በሚደርስበት ቦታ ጥይት የጎረሰ ጠመንጃ መተው ወንጀል ነው። ሕጉ ባይኖርስ?

ደግሞ አንድ ነገር አለ፤ እናቶች ባሉበት መናገር ይከብዳል። አሜሪካ ውስጥ በጠመንጃ ከሚሞተው ሰው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ራሱን ያጠፋ ነው። ብቻውን የሚኖር፣ ማታ የሚሠራ፣ ትምህርት የከበደው የሃበሻ ልጅ ምን ያህል እንደሚከፋው እዚያ የኖረ ያውቃል። የከፋው ሰሞን ሁለተኛው ቁልፍ የአክስቱ ባል ጋ ይደር። ጥፋት ሠራህ ማለት አይደለም። ስልክ ስትደውሉ "ጠመንጃህን ምን አደረግከው?" ከማለት በፊት "እንቅልፍ ትተኛለህ?" በሉት።

የራሴንም ልናገር፣ ሌላውን ብቻ እንዳላማ። በመጀመሪያ ሁለት ዓመቴ አራት ጠመንጃ ገዛሁ። ሦስቱን በኪሳራ ሸጥኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚሉት እኔን ነው። ከአራቱ አንዱ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ሠራሁ። ጨርሼ ካዝናውን አወጣሁ፣ "ባዶ ነው" አልኩ፣ ምላጩን ሳብኩ። ተኮሰ። ካዝናው ወጣ እንጂ ጉሮሮ ውስጥ አንዷ ቀርታ ነበር። አፈሙዙ ወደ አሸዋ ከረጢቱ ስለነበረ አሸዋ ተበተነ እንጂ ሰው አልተነካም። ጆሮ መከላከያዬን አውልቄ ስለነበር እስከ ማታ ጆሮዬ ጮኸ። አለቃችን ምንም አላለኝም፤ መጥረጊያውን ብቻ ሰጠኝ። አንድ ወር ቀለህ ጠረግኩ። ስለዚህ ልጁ ሲወልውል ከማየቴ በፊት ሦስት ነገር አይቼ ነው የምቀመጠው፦ ካዝናው ወጥቷል? ጉሮሮው ተከፍቷል? ጣቱን አስገብቶ ዳስሷል? በዓይን ብቻ አይበቃም፣ መብራት ይጠፋል።

ሌላ ምን አለ? አደን ካማረው ትምህርቱን ይውሰድ። ቴክሳስ ከመስከረም 2 ቀን 1971 ወዲህ፣ በነሱ አቆጣጠር፣ የተወለደ አዳኝ ሁሉ የአዳኝነት ትምህርት ግዴታ አለበት። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለው እዚያ ሕግ ሆኗል። የአደኑ ጠመንጃ ዓይነት ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ ያን ጊዜ እንደገና ይጥራኝ።

(ጥያቄ ተከፈተ። አንድ ወጣት "ኤአሩን ቢገዛና አንድ አንድ ጥይት እያጎረሰ ቢተኩስስ?" አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ይቻላል፤ እኔም እንደዚያ የሚያሠለጥን ሰው አውቃለሁ። ግን በ19 ዓመትህ 30 የሚይዝ ካዝና በእጅህ እያለ አንድ ታጎርሳለህ? ራሱ ሳቀ።)

ንግግሩ ሲያልቅ ቡናው ሁለተኛ ደርሶ ነበር። የልጁ እናት ጥግ ይዘው በቴሌግራም ድምፅ ይልካሉ። እኛ ጋ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲሆን ዳላስ ገና ንጋት ነው። "እጅህን ዘርጋ፣ በቀዳዳው እይ፣ ግራህን ጨፍን" እያሉ ልክ እንደኔ ያስተምሩታል። ስኒዬን ሳልጨርስ መልሱ መጣ። ድምፁ ገና የእንቅልፍ ነው። "ማሚ፣ የግድግዳው ሰዓት ጠፋ።"

እኔ ዝም አልኩ። ሁለት ቀን ሙሉ አጠገቡ ቆሜ፣ ሳንቲም ሳነሳ ወገቤ እስኪሄድ፣ ዓይኑን አላየሁም። አዳራሽ ሙሉ ሰው ያስሞከርኩትን ለሱ አላስሞከርኩትም። መደንገጡ እውነት ነው፤ አፈሙዙ ሲደፋ በዓይኔ አይቻለሁ። ያ የፈሰሰ ሽምብራ ግን ግማሹ የድንጋጤ ነው፣ ግማሹ ግን በቀኝ ትከሻው ይዞ በግራ ዓይኑ ስለሚያይ ሳይሆን አይቀርም።

እና ምክሬ ተለወጠ። ጠመንጃውን ወደ ግራ ትከሻው ያዙር። ሾትጋኑ እድለኛ ነው፤ የሞስበርግ 500 መቆለፊያ አናቱ ላይ ስለሆነ ለሁለቱም እጅ እኩል ነው። ሩገሩ ግን ቀለሁን በቀኝ ነው የሚወረውረው፣ በግራ ለሚተኩስ ሰው ፊት ለፊቱ ያልፋል፤ የዓይን መከላከያ መነጽር ሳያደርግ እንዳይሞክር። ቦልቱ ደግሞ የግራ መሆን አለበት፣ አለዚያ በየጥይቱ እጁን በጠመንጃው ላይ አሻግሮ ሊስብ ነው። ሳቬጅ ማርክ 2ን በግራ ይሠሩታል። ስልኬን አውጥቼ ፎቶውን ለእናትየው አሳየኋቸው።

እኚያ አባት ከኋላዬ አንገታቸውን አሹልከው አዩ። "ግራ ከሆነማ ውጅግራ ነዋ!" አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

እናትየው አልሳቁም። ፎቶውን በሁለት ጣት እያሰፉ ዋጋውን ይፈልጋሉ። "ግራ ለሆነ ሰው ይጨምራሉ እንዴ?" አሉኝ።